ማን ቀድሞ ይሂድ?

በቅዳሴ መካከል ዲያቆኑ ሕዝቡን እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ብሎ የሚያዝበት ሰዓት አለ። ሕዝቡም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዞር ዞር እያለ እጅ ይነሳሳል። በወንጌላውያን ጸሎት ቤቶችም በአምልኮው መካከል ‹‹አጠገብህ ያለውን ወንድምህን ሰላም በለው›› ይባልና ሁሉም ይጨባበጣል። ደስ የሚል ነገር ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ያስነሳል። ሰላም የሚባለው ማነው? አጠገብ የቆመው ነዋ። የተጣሉት ሰውማ መቼ አጠገብ ይቆማል! እሱ ከወዲያኛው ዛፍ ሥር ነው፤ ወይም በአንዱ በር ገብቶ በሌላው በር ይወጣል። እንግዲህ ምእመኑ በየሳምንቱ ካልተጣላው ሰው ጋር ታርቆ ወደ ቤቱ ይመለሳል ማለት ነው።

ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ስለ ሰላም በጠቅላላው ለመስበክ አይደለም። ስለ ሰላም የማይሰብክ የለም፤ መንግሥትም ይሰብካል፣ ዕድሩም ይሰብካል፣ የሚጣሉትም ራሳቸው ይሰብካሉ። የምናነሳው ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው። ሁለት ሰዎች፣ ወይም ሁለት ወገኖች ሲጣሉ ማን ቀድሞ ይሂድ? ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ከሰበካ ጉባኤ ጭቅጭቅ ተነስተን አጋሮና አካባቢዋ ድረስ ስንወስደው ግን ክብደቱ ይታያል።

የአገራችን ልማድ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። በዳይ ይሂድ ይላል። በዳይ ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌዎቹ ከተበዳይ ደጅ ይቆማሉ፤ ነገሩ የከበደ እንደሆነ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ ይወድቃል፤ ተበዳይም ‹‹ይቅር ለእግዚአብሔር›› ይላል። በኦሮሞው ዘንድ ጃርሱማ የሚባለው የሽምግልና ሥርዓትም ሽማግሌዎችን በመካከል አስገብቶ ጠብን ያበርዳል፤ በጅማ ገጠር ዛሬም ከፍርድ ቤት በፊት የሚታሰበው እሱ ነው። እነዚህን ልማዶች ኋላ ቀር ብሎ መናቅ አይገባም። ስንት ደም አድርቀዋል።

ይሁንና ልማዱ አንድ ነገር አስቀድሞ እንዲታወቅለት ይፈልጋል፤ በዳዩ ማን እንደሆነ። አስቸጋሪው ጠብ ደግሞ ይኸው ያልታወቀበት ነው። እሱም ተበዳይ ነኝ ይላል፣ እሷም ተበዳይ ነኝ ትላለች። ሁለት ተበዳዮች በተቀመጡበት በዳይ ከየት ይምጣ? ሁለቱም በየቤታቸው ሆነው ደጃቸው የሚቆም ሽማግሌ ይጠብቃሉ። ዓመት ያልፋል። ልጆቻቸው ያድጉና ለምን እንደተጣሉ ሳያውቁ አብረው ይጣላሉ።

ወንጌልስ ምን ይላል? በማቴዎስ ምዕራፍ 5 አንድ ሰው መባ ይዞ ወደ መሠዊያው ይቀርባል። እዚያ እንደቆመ ወንድሙ እንደተቀየመበት ትዝ ይለዋል። መባውን እዚያው ትቶ እንዲሄድና አስቀድሞ እንዲታረቅ ይታዘዛል። እስቲ ልብ ብለን እንየው። ቅያሜው ያለው በዚያኛው ልብ ውስጥ ነው። መባ የያዘው ሰው ምናልባት ምንም አላጠፋም ይሆናል፤ ቅያሜው እውነተኛ ነው ወይስ የሐሰት የሚል ምርመራም አልተጨመረበትም። ተቀይሞብሃልና ሂድ ነው የተባለው፤ በቃ።

ታዲያ የተቀየመው ሰውዬ እቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃ? የለም። የዚያው ወንጌል ምዕራፍ 18 ደግሞ እሱን ያስነሳዋል። ወንድምህ የበደለህ እንደሆነ አንተው ሂድና ጥፋቱን ለብቻው ንገረው ይለዋል። ሁለቱን ምዕራፎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ያያል። የተቀየሙበትም ሂድ ተብሏል፣ የተቀየመውም ሂድ ተብሏል። ሁለቱም ቢታዘዙ መንገድ ላይ ይገናኛሉ።

ግን ሁለቱም የሚሄዱት ለአንድ ሥራ አይደለም፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው። የተበደለው የሚሄደው ሊናገር ነው። በደሉን ውጦ፣ ‹‹ግዴለም ምንም አልሆነም›› ብሎ እንዲስቅ አልታዘዘም፤ ጥፋቱን ግለጥ ነው የተባለው። የተቀየሙበት ደግሞ የሚሄደው ሊሰማ ነው። ራሱን ሊከላከል፣ ምስክር ሊቆጥር ከሄደማ ጠቡን ከቤት ወደ መንገድ አወጣው እንጂ ምን አደረገ? እውነት የሚናገርና እውነት የሚሰማ ሲገናኙ እርቅ ይባላል። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል የሚቀረው ዝምታ ነው። ዝምታ ደግሞ ከሩቅ ሲያዩት ሰላም ይመስላል።

በየደብሩና በየጸሎት ቤቱ የሚታየው ግን ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ነው። ምዕራፍ 18 የሚያዘው መጀመሪያ ለብቻ፣ አልሰማ ካለ አንድ ሁለት ሰው ይዞ፣ እሱም ካልሆነ ለቤተ ክርስቲያን ብሎ ነው። በተግባርስ? መጀመሪያ ለሰፈሩ ይነገራል፤ ቡና ላይ፣ ዝክር ላይ፣ ከመዝሙር ልምምድ በኋላ። ቀጥሎ አንድ ሁለት ደጋፊ ይፈለጋል። ባለጉዳዩ ራሱ የሚሰማው በመጨረሻ ነው፤ እሱም ከሌላ ሰው አፍ፣ ቅመም ተጨምሮበት። የሰበካ ጉባኤ አባላት በሙዳየ ምጽዋት ቆጠራ ይኳረፋሉ። መዘምራን ማን ያስመራ በሚል ለሁለት ይከፈላሉ። ስብከቱ በአማርኛ ይሁን በአፋን ኦሮሞ የሚለው ጥያቄ፣ ተቀምጦ ቢነጋገሩበት ሁለቱንም የሚያስተናግድ መፍትሔ እያለው፣ የኩርፊያ ምክንያት ይሆናል። በእኛው ማደሪያ እንኳ ስድስት ሆነው በአንድ ክፍል ከሚኖሩ ተማሪዎች ሁለቱ ሳይነጋገሩ ሴሚስተሩን ይጨርሳሉ፤ ማታ ማታ ግን ሁለቱም ጸሎት አያስታጉሉም።

የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ይህን የሰው ጠባይ በደንብ ታውቀው ነበር። ዲድስቅልያ በተባለው የሥርዓት መጽሐፍ ጳጳሱ በምእመናን መካከል የተነሳውን ክርክር ሰኞ እንዲሰማ ተደንግጓል። ለምን ሰኞ? ነገሩ እስከ ሰንበት ድረስ የሚበርድበት ጊዜ እንዲያገኝ ነው። ሰኞ ተጀምሮ ቢከር፣ ማክሰኞም ረቡዕም አለ። ቅዱስ ቁርባን በሚቀርብበት ቀን የተጣላ እንዳይኖር አስቀድመው ሳምንቱን ሙሉ መደቡለት። እርቅ ሥራ መሆኑን፣ ሥራም ጊዜ እንደሚፈልግ ገብቷቸዋል። ዛሬ ዛሬ እርቅ የሚታሰበው ቅዳሜ ማታ ነው፤ ያውም ለፋሲካ ሲቃረብ! የዚህ የጥንቱ ሥርዓት ርዝራዥ በጽዋ ማኅበር ውስጥ ይታያል። በብዙ ማኅበር የተጣሉ አባላት ካሉ ጽዋው ከመቀመሱ በፊት ሙሴውና ካህኑ ነገሩን ይጠይቃሉ፤ ‹‹ከእገሌ ጋር ምን ሆናችሁ?›› ይባላል። ጥያቄው ፊት ለፊት፣ ሁለቱም ባሉበት መጠየቁ ነው ቁም ነገሩ።

በላይኛው እርከን የሆነውንም እንመልከት። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ተነሱ፤ በ1984 አቡነ ጳውሎስ ተሾሙ። አቡነ መርቆሬዎስ ወደ ውጭ አገር ከሄዱ በኋላ በስደት ያለ ሲኖዶስ ተቋቋመ። አንዱ ወገን ‹‹ተገፍተው ነው›› አለ፤ ሌላው ‹‹በፈቃዳቸው ለቀው ነው›› አለ። ሁለቱ ተወጋገዙ፤ በባሕር ማዶ ያለው ምእመንም በአንድ ከተማ ሁለት ቦታ እየተከፈለ አስቀደሰ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ እንዲህ ከቆየ በኋላ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን እርቅ ወረደ። ውግዘቱ ተነሳ፤ አቡነ መርቆሬዎስ በፓትርያርክነታቸው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ አስተዳደሩን አቡነ ማትያስ ቀጠሉ። አቡነ መርቆሬዎስ በ2014 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ የሁለቱም ስም በጸሎት አብሮ ተጠራ።

ከዚህ ምን እንማራለን? ማን ትክክል ነበር የሚለው ጥያቄ ተፈርዶ አላለቀም። ሳይፈረድ ግን ሁለት ስም በአንድ መቅደስ መጥራት ተቻለ። አንዳንዱ ጠብ እንዲህ ነው፤ የክብር፣ የወንበር፣ የስም ጠብ ፍርዱ ቢቀር የሚጎዳ የለም። ሁለቱም ወገን መንገድ ቢጀምር ነገሩ ያልቃል።

ይህን መድኃኒት ግን ለሁሉም በሽታ ማዘዝ አይቻልም። ሰው የሞተበት፣ ቤት የተቃጠለበት ጉዳይ የወንበር ጉዳይ አይደለም። ወደ አጋሮ የምንሄደውም ለዚህ ነው።

አጋሮ ከጅማ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። አብዛኛው የአካባቢው ሕዝብ ሙስሊም ነው፤ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም አብሮት ይኖራል። ሥጋው ይለያያል፤ የክርስቲያን ልኳንዳ ሌላ ነው፣ የእስላም ልኳንዳ ሌላ ነው፤ ሠርግ ሲደገስም ለየብቻ ይታረዳል። ቡናው ግን አይለያይም። ‹‹ቡና ጠጡ›› ተብሎ ልጅ ሲላክ የጎረቤት ሃይማኖት አይጠየቅም። ለቅሶም እንደዚሁ። ይህ ኑሮ ነው እንግዲህ በመስከረምና በጥቅምት 1999 ዓ.ም. የተናጋው። በመስቀል በዓል ሰሞን በጅማና በኢሉባቦር አካባቢ የተነሳው ግጭት አጋሮ አጠገብ ያለችውን በሻሻን አገኛት፤ ሰዎች ሞቱ፣ አብያተ ክርስቲያናትና መኖሪያ ቤቶች ተቃጠሉ። ወቅቱ ቡናው መቅላት የሚጀምርበት፣ ለቀማ የሚታሰብበት ነበር። በየካቲት 2003 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው አሰንዳቦ ቁርአን ተዋርዷል የሚል ወሬ ተነዛ። በደርዘን የሚቆጠሩ የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች ተቃጠሉ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ሸሹ።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊቆጣ ይችላል። ‹‹ታዲያ ቤቱ የተቃጠለበት ሰውዬ ቀድሞ ሄዶ ይታረቅ ልትሉን ነው?›› ቁጣው ተገቢ ነው። የተበደለን ሰው ‹‹አንተ ክርስቲያን አይደለህ፣ ይቅር በል እንጂ›› እያሉ ማጣደፍ በአገራችን የታወቀ በደል ነው፤ በተለይ ድሃ ሲሆን፣ በተለይ ሴት ስትሆን። አጣዳፊው ሰላም ፈላጊ ይመስላል፤ የፈለገው ግን የራሱን እረፍት ነው፤ ለቅሶው ሰለቸው። ከላይ ያየነው የምዕራፍ 18 ትእዛዝ ለእንዲህ ያለው ተበዳይ ያቆየለት ክፍያ አለ፤ የመናገር መብት። ምን እንደደረሰበት፣ ማን እንዳደረሰበት፣ ማን በር ዘግቶ እንዳየው ይናገር። ከተናገረ በኋላ ይቅር ማለት አለማለቱ በእሱና በአምላኩ መካከል ነው፤ ማንም ሰዓት ሊቆርጥለት አይችልም። ፍርድ ቤትም የራሱን ሥራ ይሥራ። ነፍሰ ገዳይን በሽምግልና ስም መሸሸግ ሽምግልናውን ራሱን መግደል ነው።

ቀድሞ መሄድ ያለበትስ? ያቃጠለው መሆኑ ግልጽ ነው። ግን ያቃጠለ ሰው እምብዛም አይሄድም። ከእሱ ቀጥሎ ያለው፣ ክብሪት ያልጫረ፣ በሩን ግን ዘግቶ የተቀመጠ ጎረቤት ነው። እሱ ‹‹እኔ ምን አደረግሁ?›› ይላል። እውነቱን ነው፤ ምንም አላደረገም። የማቴዎስ ምዕራፍ 5 ሰውዬ እኮ እሱ ነው! አጠፋህ ሳይባል፣ ተቀይመውብሃልና ሂድ የተባለው። ወንጌሉን የማያነብ ሙስሊም ጎረቤት ቢሆንስ? ያ ጎረቤት ለገዛ ሃይማኖቱ ይጠየቃል፤ የጎረቤት ሐቅ በእስልምናም ቀላል ነገር አይደለም። እኛ መናገር የምንችለው ስለራሳችን ወገን ነው። እዚህም ላይ የማይጥም ጥያቄ ይመጣል፤ ክርስቲያኑስ የተቀየሙበት ነገር የለም?

አለ። ጎማ በ19ኛው መቶ ዘመን ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዱ ነበር፤ ከሰሜን የመጣው ጦር ሲይዘው አካባቢው እስልምናን ከተቀበለ ቆይቷል። ቤተ ክርስቲያን በብዙ ቦታ የመጣችው ከጦሩና ከገባር ሥርዓት ጋር ነው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስ ተዋሕዶን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ብሎ ሲደነግግ፣ ሙስሊሙ በገዛ አገሩ ‹‹በኢትዮጵያ የሚኖር እስላም›› እየተባለ ይጠራ ነበር፤ እንደ እንግዳ። በዓሉ የአገር በዓል ሆኖ የታወቀለት በ1967 ዓ.ም. ነው። ይህ ታሪክ በበሻሻ የተደረገውን ያጸድቃልን? በፍጹም። በ1999 ዓ.ም. የሞተው የድሃ ልጅ ገባርም አላስገበረ፣ ሕገ መንግሥትም አልጻፈ። የአያት ዕዳ በልጅ ልጅ ደም አይከፈልም። ነገር ግን ቅያሜን መስማትና ግድያን ማጽደቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን ከፈራነው ሁለተኛውን ለሚሰብኩ ሰዎች ሜዳውን ለቀቅንላቸው።

የሚሄድ ሰው እንዳልጠፋ ታሪክ ይመሰክራል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ ይዘው አደባባይ ሲወጡ ብዙ ክርስቲያኖች አብረዋቸው ተሰለፉ። ከእነዚያ ክርስቲያኖች መካከል ሙስሊም ጎረቤቱን በእጁ የበደለ ስንቱ ነበር? ምናልባት ጥቂቱ። የሄዱት ግን ተቀይመዋል ብለው ነው። መባን ከመሠዊያ ሥር ትቶ መውጣት እንዲህ ያለ ነገር ሳይሆን አይቀርም።

በወገን መካከል ያለውንም ሳንነካ አናልፍም። ‹‹አሰንዳቦ የተቃጠለው የጴንጤ ቤት ነው›› የሚል ኦርቶዶክስ፣ ‹‹በሻሻ የሞቱት የኦርቶዶክስ ናቸው›› የሚል ጴንጤ አይጠፋም። አነጋገሩ መረጃ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ‹‹የእኔ አይደለም›› የሚል ነው። በዚህ አነጋገር ላይ የተመሠረተ ኅብረት እሳቱ ወደ ራሱ ሲመጣ ብቻውን ይቆማል። ለወንድም ማልቀስ በሃይማኖት ክፍል ቁጥር ከተወሰነ፣ ቅዳሴው ላይ ያለችው ሰላምታም አጠገብ ለቆመው ብቻ መሆኗ አይገርምም።

የቡና አገር ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ጀንፈል አልጋ ላይ ሲሰጣ ላዩ ቶሎ ይደርቃል፤ እጅ ሲነካው ይንኮሻኮሻል። የቸኮለ ነጋዴ በጆንያ ይከተዋል። ውስጡ ግን እርጥብ ነበርና ከሳምንታት በኋላ ጆንያው ሲፈታ ሽታው ይነግራል፤ ሻግቷል። ከሁለቱ ግጭቶች በኋላ በየመድረኩ የተደረጉ እርቆች ስንቱ እስከ ውስጥ እንደ ደረቀ የሚያውቁት እዚያው የሚኖሩት ናቸው። የተጨባበጡት የሃይማኖት አባቶች ለእርቁ ላዩን ሰጥተውታል፤ እሱም ያስፈልጋል። ውስጡን የሚያደርቀው ግን መድረክ ላይ ያልወጣው ሰው ነው፤ በር የዘጋው ጎረቤት የተቃጠለበትን ሰው ደጅ ሲያንኳኳ፣ ‹‹ያን ቀን ምን ሆንክ? ልስማህ›› ሲለው። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ዲግሪ አይጠይቅም፤ ጉባኤ መጥራትም አያሻም። የሚያስፈልገው ሰውዬው ሲናገር አፍን ይዞ መቀመጥ ነው፤ ከባዱም እሱ ነው።

ከእኛ መካከል ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከጌራ፣ ከሰቃ የመጡ አሉ። ክረምት ሲመጣ ወደዚያው ይመለሳሉ። የተማረ መጣ ተብሎ ንግግር አድርግ መባላቸው አይቀርም። እኛ ግን ሰላም አስፈላጊ መሆኑን ለሕዝቡ ከማስረዳት ይልቅ አንድ ቤት መርጠው ሄደው ቢሰሙ የሚሻል ይመስለናል። ከዚያ በፊት ደግሞ እዚሁ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ከላይኛውና ከታችኛው አልጋ ሳይነጋገሩ የሚያድሩት ሁለቱ አሉ። ወደ በሻሻ የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው፤ ከላይኛው አልጋ ወደ ታችኛው ያለው ግን ሁለት ክንድ አይሞላም።

ማን ቀድሞ ይሂድ? የተቀየሙበት ይሂድና ይስማ፤ የተቀየመም ይሂድና ይናገር። ማን ቀደመ የሚለውን መንገድ ላይ ሲገናኙ ይከራከሩበት። የተለየ ሐሳብ ያለው አንባቢ ለሚቀጥለው እትም ይጻፍልን፤ ቅር የተሰኘብን ካለም ከመጻፉ በፊት ይምጣና ለብቻ ይንገረን።